ለራስ መሥራትና የቤት ብድር

ዛሬ ከሥራ ቀርቼ የቤት ብድሬን ከያዘልኝ ሎን ኦፊሰር (የብድር ሠራተኛ) ጋር ወረቀት ሳገላብጥ ዋልኩ። ትራክ ገዝቼ ለራሴ መሥራት ከጀመርኩ ገና ዓመት ከምናምን ነው። ልጁ ሐበሻ ነው፣ ትሁት ነው። ስኬጁል ሲ ላይ (ለራሱ የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን የሚሞላበት የአሜሪካ ታክስ ቅጽ) የመጨረሻዋን ቁጥር በእስክሪብቶ ከበበና "ወንድሜ፣ ገቢህ ይቺ ናት" አለኝ። ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው ሁሉ ተቀንሶ የቀረችው!

ታክስ ስናሠራ "ቀንስልኝ፣ ቀንስልኝ" እያልን አካውንታንቱን ቁም ስቅሉን እናሳየዋለን፤ ቤት ልንገዛ ስንል ያቺው የመነመነች ቁጥር ትመጣለች። ደግነቱ የትራኩ ዲፕሪሲዬሽን (ለእርጅናው በታክስ ላይ የሚቀነሰው) ገቢዬ ላይ ተመልሶ ይደመራል።

ለራሱ ለሚሠራ ሰው ብድር ሲታይ ደንቡ ባብዛኛው የ2 ዓመት ታክስ ሪተርን (በየዓመቱ የምናስገባው የታክስ ሰነድ) ማቅረብ ነው። ግን በፊትም በቅጥር የምነዳው ትራክ ስለነበር፣ ሪተርኔ ሙሉ 12 ወር የራስ ሥራ ገቢ ካሳየ በአንድ ዓመትም ሊታይልኝ ይችላል፤ ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዛው የአሜሪካ ድርጅት ፋኒ ሜይ ይህን ይፈቅዳል። በባንክ ስቴትመንት ብቻ የሚያበድሩም አሉ፣ ወለዱና ዳውን ፔይመንቱ (ቅድሚያ ክፍያው) ግን አይቀመስም።

ባለቤቴ እንደሆነ በፎቶ ባየችው ቤት መጋረጃ መርጣ ጨርሳለች። ከእናንተ ውስጥ በአንድ ዓመት ሪተርን የተሳካለት ካለ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።