ደረሰኝ ሲቀርብ ተመላሽ ይደረጋል

«እነሱ ጠርተውሽ አንቺ ትከፍያለሽ?»

አክስቴ ይህን የጠየቀችኝ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ በበርበሬ ጆንያዎቿ መካከል ተቀምጣ ነው። እኔ የሄድሁት የምሥራች ልነግራት ነበር። በአንድ የአውሮፓ ከተማ በሚካሄድ የባህሪ ሕክምና ጉባኤ ላይ ጥናቴን በፖስተር እንዳቀርብ ተፈቅዶልኛል፤ አዘጋጆቹም ለጀማሪ ተመራማሪዎች ከያዙት ገንዘብ ትኬቴንና የሆቴል ወጪዬን እንደሚሸፍኑ ጽፈውልኛል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ ወጪው ከጉባኤው በኋላ ደረሰኝ ሲቀርብ ተመላሽ ይደረጋል። እኔ በደስታ ዘልያት ያለፍኋትን መስመር አክስቴ ወዲያው ያዘቻት።

«ድግስ የጠራ ሰው፣ የበጉን ዋጋ ከፍለሽ ብዪ፣ በኋላ እመልስልሻለሁ ይላል?»

የባህሪ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ይመስለዋል። የእኔ ሥራ ከዚህ ይለያል፤ መድኃኒት በእጁ ያለ ሰው ለምን አይውጠውም የሚል ነው። አንድ አዛውንት የደም ግፊት ታካሚ በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ከወር በፊት 30 ፍሬ አምሎዲፒን ወስደው ነበር፤ ስንቆጥረው 19 ቀርቷል። «ራሴን ባመመኝ ቀን እውጣለሁ፤ ካላመመኝ ምን ብዬ ልዋጠው?» አሉኝ። የደም ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ፖስተሬ የእኒህን አዛውንትና የብጤዎቻቸውን ነገር የያዘ ነበር።

የዘርፉ ትልቅ ስብሰባ ዓለም አቀፉ የባህሪ ሕክምና ማኅበር የሚያዘጋጀው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ኡፕሳላ ላይ ተጀምሮ ሜልበርንን፣ ሳንቲያጎን፣ ቫንኩቨርንና ቪየናን አዳርሷል። የእኔው ሌላና ከዚያ ያነሰ ነው። ትንሽም ቢሆን ትኬቱ የሰባት ወር ደሞዜን ይበላል።

ደግሞ ቪዛው አለ። የአውሮፓ ኅብረት በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 2016 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል። እኔ ድጋፉን ማግኘቴ የተነገረኝ ጉባኤው 63 ቀን ሲቀረው ነው። 45ቱን ቀንሱና የቀረውን ለቀጠሮ፣ ለባንክ ማስረጃ፣ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ላለው የጉዞ መድን፣ እንዲሁም ለአሻራ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለመድረስ አካፍሉት። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። በድጋፉ ውስጥም አልተካተተም። የባንክ ማስረጃው ሲታይ ሒሳቤ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ይበቃ ነበር ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ያዳነኝ እቁብ ነው። አክስቴ ከገበያው ሴቶች ጋር የምትጥለው እቁብ በዚያ ሳምንት ለሌላ ሰው ወጥቶ ነበር፤ ባለ ዕጣዋን ለምና ተራ አስለወጠችኝ። «አብሽሪ፣ የሚመለስ ገንዘብ ነው አሉ አይደል?» ብላ ብሩን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። የበርበሬ ሽታው እስከ ባንኩ መስኮት ድረስ ተከተለኝ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሳት።

ፖስተሩን ያተምሁት የምርቃትና የሠርግ ባነር ከሚሠራ ቤት ነው። ልጁ ሥራውን ኮምፒውተሩ ላይ ካየ በኋላ «ፎቶሽ የቱ ጋ ይግባ?» አለኝ። ፎቶ የለውም ስለው አዘነልኝ።

ጉባኤው ላይ ከፖስተሬ ፊት ሁለት ሰዓት ቆምሁ። አብዛኛው ሰው ርእሱን አይቶ ያልፋል። አንዲት ተመራማሪ ግን አሥር ደቂቃ ያህል አነበበችውና «መድኃኒቱን ከሆስፒታል የሚያመጣላቸው ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ከገጠር ልጅ ወይም ጎረቤት እንደሚልኩ አውቃለሁ፤ መጠይቄ ላይ ግን አልጠየቅሁም። ስለ አወሳሰዱ የተነገረውን ምክር የሰማው የተላከው ልጅ ነው ማለት ነው። ደሴ እንደተመለስሁ ያቺን ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ አስገባኋት። በኢሜይል ማን ይህን ይጽፍልኛል?

ገንዘቡ የተመለሰልኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያዘገየውም አንድ ደረሰኝ ነው፤ የመድኑ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን 2017 ስለሚል የሒሳብ ክፍላቸው «ይህ ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ወጪ ነው» ብሎ መለሰው። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን አንድ ገጽ ጻፍሁላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ከፖስተሬ ይልቅ በዚያ ገጽ ላይ ነው የተጠበብሁት። በእነዚያ አምስት ወራት አክስቴ በየሳምንቱ እቁቡን ስለ እኔ ስትጥል ቆየች፤ አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን በሰኞ ገበያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር።

የጉዞ ድጋፍ ለሚሰጡ ሁሉ የምለው አለኝ። ገንዘቡን አትጨምሩ፣ አስቀድሙት። ትኬቱን ራሳችሁ ቁረጡ፤ በእጃችን ብር እንዲያልፍ የግድ አይደለም። ውጤቱንም ከጉባኤው አራት ወር አስቀድማችሁ ንገሩን። ተመላሽ የሚደረግ ድጋፍ የሚረዳው ቀድሞውኑ ገንዘብ ያለውን ሰው ነው፤ እኔ ገንዘብ ያለኝ መስዬ የሄድሁት በርበሬ ነጋዴዎች ስላበደሩኝ ነው። የቪዛው ክፍያም ቢከለከል እንኳ የሚሸፈን ይሁን፤ ተከልክሎ የሚቀረው ሰው ጉባኤውንም ገንዘቡንም ማጣት የለበትም።

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ነርስ ቢሮዬ ገባ። በረመዳን መድኃኒት ስለሚያቋርጡ የስኳር ታካሚዎች የሠራው ጥናት ውጭ አገር ተቀባይነት አግኝቶለታል፤ ድጋፍም ተፈቅዶለታል። ደብዳቤውን አሳየኝ። ዓይኔ በቀጥታ ወደ ግርጌው ሄደ፤ መስመሯ እዚያው ናት። እንኳን ደስ አለህ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«የአክስትሽ እቁብ ስንተኛው ዕጣ ላይ ደርሷል?»