እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ ማየት

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ነገር እየተለማመደ ነው። አስጎብኚው ከመናገሩ በፊት ቦታውን ራሳችን አይተን፣ ጠይቀን፣ ደብተር ላይ እናሰፍራለን። እንጦጦ ላይ ልምምዱ ፍሬ ስላሳየን ለሌሎች ክበቦችም ላካፍል ወደድኩ።

እንጦጦ አፄ ምኒልክ ወደ ፍልውሃ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙበት ተራራ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ የጠዋቱ ብርድ አይጣል ነው፤ ስትሄዱ ወፈር ያለ ጃኬት ያዙ።

በቡድን ተከፋፈልን። አንዱ ውሃን፣ አንዱ መንገድን፣ አንዱ ግድግዳን ያዘ። ለእኛ የደረሰን እንጨት ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነበር፦ እዚህ ከተማ በነበረ ጊዜ ሰው እንጀራ የሚጋግረው በምን ማገዶ ነው?

መልሱ ዙሪያችንን የቆመ ይመስላል። ተራራው ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ነው። ግን ዛፉ የአውስትራሊያ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ ማገዶ ቸግሮ ነው። ቤተ መንግሥቱ ያኔ ወደ ታች ወርዷል። ስለዚህ የድሮውን እንጦጦ ለማየት መጀመሪያ ባሕር ዛፉን በሐሳብ መንቀል ያስፈልጋል። ሞክሩት፤ ቦታው ሌላ ይሆንባችኋል። ከጠላት ለመጠበቅ የሚመች፣ ሩቅ የሚያሳይ፣ ግን ነፋስ የሚገርፈው ጋራ ነው የሚቀረው። ያን ሁሉ ሠራዊትና ግብር የሚበላ ሕዝብ እዚህ ማኖር ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ያኔ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉትም ከዚህ ብርድ ወርደው ነው።

መንገድ ላይ ጭራሮ የተሸከሙ እናት አገኘን። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ፣ «እማማ፣ ከባድ አይደለም?» አልናቸው። «እንጨቱስ ይለመዳል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው» አሉን። የገመዱ ምልክት ትከሻቸው ላይ ይታያል። ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ደጋግሜ የማነበው ይህን ነው።

የግድግዳ ቡድን በበኩሉ ቤተ መንግሥቱ ዘንድ ብዙ ቆየ። ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ በኖራ ተለስኗል፣ ጣሪያው ሣር ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው አጠገብ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ልጆቹ የንጉሥ ቤት ከገበሬ ቤት ጋር ባንድ ዓይነት ጭቃ መሠራቱ በጣም ገረማቸው። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ ግንበኞቹ የሚያውቁትን የአገራቸውን ሙያ ነው ወደ ላይ ያወጡት።

ቀጣዩ ጉዟችን የካ ተራራ ላይ ካለው፣ ከአለት ከተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ነው። እዚያ ቡድኖቹን እናቀያይራለን፤ እኛ ግድግዳ ደርሶናል። የመሮ ምልክት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እየተከተልን ጠራቢዎቹ ከላይ ወይስ ከጎን እንደጀመሩ ለማወቅ አስበናል። እዚያ የሠራ ክበብ ካለ ምን መጠየቅ እንዳለብን ይንገረን።