አሮጌውን ዴስክቶፕ ላድሰው ወይስ ልቀይረው?

አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ የመጻሕፍት ገጽ ቅንብር የምሠራበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ውጭ አገር አገልግሎ የገባ ሲሆን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው አራተኛ ጀነሬሽን (የኢንቴል አራተኛ ትውልድ) ኮር አይ 5-4590 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈተ ሥራ ለጊዜው የሚያዝበት) እና ፋይሎች የሚቀመጡበት የ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተንቀራፈፈ መጥቶ አንድ ፋይል እስኪከፍት ቡና ተጠጥቶ የሚያልቅበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ጥቂት ብር ጨምሬ ላድሰው ወይስ ሸጬው ሌላ ልግዛ የሚለው ጥያቄ የማይቀር ሆነ። ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከዕቃው ዕድሜ ነው። እኔ ግን ከዕድሜው ይልቅ ሁለት ነገሮችን ማየት ይበልጣል ባይ ነኝ፤ አንደኛው ማሽኑ የሚዘገየው ምን እየጠበቀ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዛሬ የምገዛው ዕቃ ነገ ከዚህ ማሽን ጋር አብሮ ይቀራል ወይስ ወደሚቀጥለው ይሻገራል የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ሦስት መቶ ገጽ ያህል ያለውና ሥዕሎች የበዙበት የመጽሐፍ ፋይል እየተከፈተ ሳለ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጫኑ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ብትመለከቱ ነገሩ ራሱ ይናገራል። በእኔው ማሽን ፕሮሰሰሩ ከዐቅሙ ትንሿን ክፍል ብቻ እየሠራ፣ ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተገትሮ፣ ራሙም ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሚያወርደው፣ ያለ ዐቅሙ የተጫነው ዲስክ የራም ሥራም ይደረብበታል ማለት ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ማንበቢያው ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚሄድበት ጊዜ ሲጨመርበት፣ ተበታትነው የተቀመጡ ጥቃቅን ፋይሎችን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ነው የሚደርስባቸው። ፋይሎችን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህንኑ ሥራ በሰከንድ በዐሥር ሺዎች ጊዜ ይሠራዋል። ስለዚህ አርጅቷል የተባለው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመሥራት ሳይሆን ዲስኩን በመጠበቅ ነበር።

ሊጠግንልኝ የመጣው ወጣት ግን ክዳኑን ከፍቶ ገና አንድ ጊዜ እንዳየው፣ «ጋሼ፣ በዚህች ላይ ብር አያባክኑ፤ ሸጠዋት ስምንተኛ ጀነሬሽን ይያዙ፤ እኔው አመጣልዎታለሁ» አለኝ። ምክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ሆኖም መካሪው ሻጭም ሲሆን ምክሩን ትንሽ አሳድሮ ማየት ደግ ነው። ክዳኑ እንደተከፈተ አቧራውን በመንፊያ አስጠረግሁትና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አስነሣሁት፤ በመካከል ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት እንደ አሮጌ ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቅባቱ በአዲስ ሲተካ ቀኑን ሙሉ ይጮኽ የነበረው ፋን ጸጥ አለ። ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ቦርድ (ማዘርቦርዱ) ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ባትሪም ሞታ ስለነበር መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ የኢንተርኔት አሳሹ (ብራውዘሩ) የኢሜይልና የባንክ ገጾችን ደኅንነታቸው አያስተማምንም ብሎ አልከፍትም ይላል። ይህን ሰው ሁሉ ቫይረስ ነው እያለ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያስደርግ አያለሁ፤ መፍትሔው ግን ያቺ ባትሪ ብቻ ናት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመለስ፣ ለዚህ ማሽን ሊገዙ የሚችሉ ዕቃዎች እኩል አይደሉም። በሳታ ገመድ የሚገጠም ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ዛሬ እዚህ ቢገባ ነገ ተፈትቶ በሌላ ዴስክቶፕ ወይም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ እርሱን አዲስ፣ የታወቀ ስም ያለውና ዋስትና ያለው አድርጌ ለመግዛት አላመነታሁም። ከዚያ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ለዚህ ማዘርቦርድ የራሱ መሰኪያ ስለሌለው ሻጩ ቢያወድሰውም አይጠቅመኝም። ራሙ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ሲሆን፣ ዲዲአር 4 የሚጠቀሙት የኋለኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጭራሽ አይገጥምም፤ ጥርሱ የተከፈለበት ቦታ ራሱ ይለያያል። ማሽኑ በአራት ማስገቢያዎቹ እስከ 32 ጊጋባይት ይይዛል ብሎ ያን ሁሉ መሙላት ከማሽኑ ጋር ለሚቀበር ዕቃ ብር ማውጣት ነው። ስለዚህ ከፈረሱ ማሽኖች የወጣ ያገለገለ ራም በርካሽ ፈልጌ 12 ጊጋባይት አደረስሁትና በዚያው አበቃሁ። ፕሮሰሰሩን በዚያው ሶኬት ወደሚገባው አይ 7 መቀየርም ይቻል ነበር፤ ሥራ ፈቶ ለሚውል ፕሮሰሰር ሌላ ፕሮሰሰር መግዛት ግን ትርጉም አይሰጥም።

ያገለገሉ የድርጅት ኮምፒውተሮችን ለሚገዛ ሰው መነገር ያለበት አንድ ነገር ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የዚህ ዴል ማዘርቦርድ የሚቀበለው በየሱቁ ያለውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ሳይሆን የራሱን ባለ 8 ፒን ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚወረውረው ኃይል ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል፣ ያንኑ ዓይነት ያገለገለ ፈልጎ ማግኘት ወይም ማስተካከያ ገመድ መግዛት ግድ ነው። ያረጀ ማሽን ለማደስ የሚያስብ ሰው መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን የዩፒኤሱን ባትሪ በመቀየር ቢጀምር የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ዩፒኤስም ቢሆን ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይሻገራል።

ዋጋን በተመለከተ የዛሬ ወር ተጠይቆ የተመዘገበ ቁጥር ዛሬ ላይሠራ ስለሚችል እዚህ አላሰፍርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻግሯል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከክዳኑ እስከ ብሎኑ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃ የለመድሁባቸው ሱቆች ተበትነው ገሚሶቹን ስታዲየም፣ ገሚሶቹን መርካቶ ነው ያገኘኋቸው፤ ስለዚህ ዋጋ ማጠያየቁም ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኗል። የእኔ መመዘኛ የዕድሳቱ ጠቅላላ ወጪ ለሥራዬ የሚበቃ ያገለገለ ስምንተኛ ጀነሬሽን ከሚገዛበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ መተው የሚል ነበር፤ አላለፈም። ኤስኤስዲው ተሻጋሪ ስለሆነ ከዚህ ሒሳብ ቢወጣም የሚነቀፍ አይመስለኝም።

ይግዙ የሚለው ወገን ያለው ብርቱ መከራከሪያ የፍጥነት ሳይሆን የደኅንነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልን፣ በኢንቴል በኩልም ከጥቂት ሞዴሎች በቀር ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል፤ የእኔው አራተኛ ጀነሬሽን ከመሆኑም ሌላ ቲፒኤሙ 1.2 ነው። መመርመሪያውን አልፎ በግድ የሚጭኑ ልጆች ሞልተዋል፤ ይጫናልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ ይደርስዋል ብሎ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ የደንበኛን ያልታተመ መጽሐፍ በአደራ ይዤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ መመሥረት አልፈለግሁም። ለግለሰቦች የቀረበው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ እርሱን ተመዝግቤያለሁ። ይህ ቀን ለእኔ የዕድሳቱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ከኢንተርኔት ይነቀላል።

ከኢንተርኔት ይነቀላል እንጂ አይሸጥም። ምክንያቱ ምናልባት ከኅትመት ሰዎች ውጭ ላለ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ የእኛ የኅትመት ሥራ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የየራሳቸው ኮድ ባላቸው የአማርኛ ፎንቶች ሲከናወን ቆይቷል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፈት ገጹ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ትርምስ ይሞላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተቀናበሩት በገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም በፔጅሜከር ሲሆን፣ የፕሮግራሙ የመጨረሻ ዋና ስሪት 7.0 የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲ መጥቶ ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፌን ድጋሚ ላሳትም ሲለኝ፣ ፎንቱም ፕሮግራሙም ተስማምተው የተቀመጡበት ማሽን ከሌለኝ መጽሐፉ እንደገና ሊተየብ ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ኢንተርኔትም አዲስ ፕሮሰሰርም አያስፈልግም።

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሳላስብ እቀይረው ነበር። የማዘርቦርዱ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) አብጠው ቢሆን ኖሮም እንዲሁ፤ ያበጠ ካፓሲተር ባለበት ቦርድ ላይ የሚወጣ ብር የትም አይደርስም። አሁን ግን ኤስኤስዲው ገብቶ፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ተሰክቶ፣ ያ ባለ ሦስት መቶ ገጽ ፋይል ያለ ችግር እየተከፈተ ነው። እስከሚቀጥለው ጥቅምት ባለው ጊዜ የሚገዛውን ኮምፒውተር ያለ ጥድፊያ እፈልጋለሁ። ያገለገለ ስለሚሆን ሱቁ ውስጥ ሳለሁ የቲፒኤሙን ስሪት ዊንዶውስ ላይ ከፍቼ አያለሁ፤ ዲስክ ካለው ስንት ሰዓት እንደሠራ አያለሁ፤ ፓወር ሰፕላዩ ምን ዓይነት መሰኪያ እንዳለውም ክዳኑን አስከፍቼ እመለከታለሁ። ኤስኤስዲ፣ ስክሪንና ዩፒኤስ ስላለኝ የምገዛው የኮምፒውተሩን ሣጥን ከነውስጡ ብቻ ነው፤ ሻጩ ከስክሪን ጋር ካልሆነ አልሸጥም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እሄዳለሁ።