ሠራተኛ ችግርን እንዳይደብቅ ምን አደረግሁ?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በኃላፊነት ስመደብ፣ የሠራተኛው ዝምታ ከመድኃኒት እጥረቱ ያላነሰ አሳሳቢ ሆኖ አገኘሁት። ዝምታውን ያስተዋልኩት በክትባት ማቀዝቀዣው መዝገብ ላይ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መቆየት ስላለበት ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይመዘገባል፤ በእኛ መዝገብ ግን መብራት ጠፍቶ በዋለባቸው ቀናት ሳይቀር ጠዋትም 4፣ ማታም 4 ተጽፏል።

መዝጋቢዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ስትመጣ፣ ተረኛ ሳይሆኑ ጭምር ከቤታቸው ተነሥተው የሚደርሱ ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥሩን እንዲያሳምሩ ያደረጋቸው በሥራ ላይ የቀሰሙት ትምህርት ነው፦ 11 ብሎ የጻፈ ሰው «ለምን አልተከታተልክም?» ይባላል፣ ስሙም በግምገማ ላይ ይነሣል፤ 4 ብሎ የጻፈውን ግን የሚጠይቀው የለም። በግምገማ ላይ ግለ ሂስ አድርግ የተባለ ሰውም «ሰዓት አላከብርም» የሚል ማንንም የማይጎዳ ጥፋት መርጦ ይናገራል እንጂ የሕፃናትን ጤና የሚነካውን ጉዳይ አያነሣም።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሆስፒታል ክፍሎች የሚፈጠሩ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን ስትመረምር፣ በተሻለ አመራርና ትብብር የሚሠሩት ክፍሎች ብዙ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ለዚህ የሰጠችው ማብራሪያ፣ በእነዚህ ክፍሎች ያሉ ሠራተኞች የተፈጠረውን ስሕተት ሳይፈሩ መናገራቸው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥሩ ጥሩ ቁጥር ብቻ የያዘ ሪፖርት ያሳስበኝ ጀመር።

የጠዋቱን ስብሰባ አካሄድ ለወጥሁ። «ትናንት ምን አስቸገራችሁ?» ብዬ እጀምርና መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ፣ ቀጥሎ አዲሶቹ ነርሶች፣ በመጨረሻም እኔ እንናገራለን፤ ምክንያቱም እኔ አስቀድሜ አስተያየት ከሰጠሁ፣ በእኛ አገር የአለቃና የታላቅ አክብሮት የተነሣ፣ ከዚያ በኋላ የምሰማው የራሴን ሐሳብ ነው። ለማቀዝቀዣው ደግሞ፣ ከመጠን የወጣ ሙቀት የመዘገበ ሰው «ክትባቱን ምን አደረግነው?» ከሚለው ጥያቄ በቀር ሌላ እንደማይጠየቅ በሁሉም ፊት ቃል ገባሁ። ሆን ብሎ ተረኝነቱን ጥሎ የሄደ ሰው ግን በደንቡ መሠረት ይጠየቃል፤ ሁለቱን ለይቼ ባልናገር ኖሮ ጠንካራ ሠራተኞች ቅር ይሰኙ ነበር።

ለሳምንታት ምንም አልተለወጠም። ኋላ በብርዱ ወራት አንዲት ወጣት ነርስ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ማደሩን በስብሰባው ላይ ተናገረች። እንደ አምስት በአንድ (አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከል ክትባት) ያሉ ክትባቶች በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። ሁላችንም ሄደን ተጠርጣሪዎቹን ብልቃጦች ለየን፤ በረዶ የሠራ ክትባት ከተነቀነቀ በኋላ ቶሎ ስለሚዘቅጥ፣ ሆን ብለን በረዶ ካደረግነው ተመሳሳይ ብልቃጥ ጋር ነቅንቀን አወዳደርን፣ የተበላሹትን አስወገድን፣ ለወረዳው በጽሑፍ አሳወቅን፣ እርስዋንም በሁሉም ፊት አመሰገንሁ። ሠራተኛው ያን ዕለት ሲመለከት የነበረው የእኔን ፊት እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያ በኋላ 1 እና 10 የሚሉ ቁጥሮች በመዝገቡ ላይ መታየት ጀመሩ።

የዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኝነት) ክፍያ ሲዘገይም ዝም ብዬ መጠበቅን አልመረጥሁም። ተመራማሪው ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት ለ10 ሳምንት ደመወዝ በ15 በመቶ የተቀነሰባቸውን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያነጻጽራል፦ ምክንያቱ በአክብሮትና በዝርዝር በተነገረበት ፋብሪካ የታየው ስርቆት፣ በአጭሩ ብቻ በተነገረበት ከታየው በእጅጉ ያነሰ ነበር። እኔም ገንዘብ ማምጣት ባልችል፣ የጻፍኋቸውን ደብዳቤዎችና የመጡትን መልሶች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፍ ነበር። ቅሬታው አልጠፋም፤ ነገር ግን «ኃላፊው በልቶታል» የሚለው ሐሜት ቀረ።

ያልፈታሁት የተቆጣጣሪ ቡድን ሲመጣ የሚመለሰውን ዝምታ ነው። ለጊዜው የጤና ጣቢያውን ጉድለቶች እኔው ራሴ በሠራተኛው ፊት ለተቆጣጣሪዎቹ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ባለሙያዎች፣ በተለይ አዋላጆቹ፣ የየክፍላቸውን ችግር ማከል ጀምረዋል።