ድራይቨሩ «አይስማማም» ሲል

የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ሲጫን «ይህ ድራይቨር ከዚህ የዊንዶውስ ስሪት ጋር አይስማማም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው ወዲያው ሌላ ድራይቨር ያወርዳል። እሱም እምቢ ሲል ሌላ ይሞክራል። በእኔ እምነት ምንም ከመውረዱ በፊት ሁለት ነገር በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት፤ ካርዱ ላይ ያለው ቺፕ የትኛው ነው? ዊንዶውሱስ የትኛው ስሪት፣ ባለ ስንት ቢት ነው? ይህ ሳይጣራ የሚጫን ሁሉ ግምት ነው።

የካርዱ ስም ብቻ አይበቃም። የኤንቪዲያን ጂቲ 730 ልውሰድ። በዚህ ስም የተሸጡት ካርዶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንደኛው ፌርሚ በተባለው የቆየ የቺፕ ትውልድ የተሠራና 96 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያለው ሲሆን፣ ሌላው ኬፕለር በተባለው ቀጣይ ትውልድ የተሠራ ባለ 384 ኮር ነው። ኤንቪዲያ ለፌርሚው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 391.35 በኋላ አዲስ የጌም ድራይቨር አላወጣም። ኬፕለሩን የሚደግፈው የመጨረሻ የድራይቨር ተርታ ደግሞ 470 ነው፤ ኋላ የወጡት የደህንነት ማስተካከያዎች ቁጥራቸው እስከ 475 ቢደርስም የዚያው ተርታ ናቸው። ካርቶኑን ብቻ አይቶ የሚያወርድ ሰው የሌላኛውን ድራይቨር ሊያመጣ ይችላል፤ ኢንስቶለሩም «ተስማሚ ሃርድዌር አልተገኘም» ብሎ ያቆማል።

እውነቱን የሚናገረው የካርዱ መለያ ቁጥር ነው። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ፣ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ ከዚያ የካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ፤ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ ይመረጣል። «ቬን» (VEN) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን ይነግራሉ፦ 10ዲኢ (10DE) ኤንቪዲያ፣ 1002 ኤኤምዲ፣ 8086 ኢንቴል። «ዴቭ» (DEV) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ደግሞ ቺፑን ይለያሉ፤ 1287 ከሆነ ኬፕለሩ 730 ነው፣ 0ኤፍ02 (0F02) ከሆነ ፌርሚው። ዊንዶውስ ካርዱን ሳያውቀው ቀርቶ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብሎ ቢያስቀምጠው እንኳ ይህ ቁጥር አይጠፋም። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት እሱን የማየው።

በዊንዶውስ በኩል «ዊንቨር» (winver) የሚለውን ትእዛዝ በራን ሳጥን (ዊንዶውስ ቁልፍ እና R) ውስጥ መጻፍ ስሪቱን ያሳያል፤ ቢቱ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ላይ ነው። ኤንቪዲያ ከ390 ተርታ በኋላ ለ32 ቢት ድራይቨር መሥራት አቁሟል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ከሆነ መፍትሔው 64 ቢት ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ከ32 ወደ 64 በአፕግሬድ መሻገር አይቻልም፣ ስለዚህ ፋይል ቀድሞ ይገልበጥ። ዊንዶውስ 10 ሆኖ ስሪቱ የቆየ ከሆነም አዲሱ ድራይቨር ላይቀበለው ይችላል፤ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ይታደስ።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ፣ የአሮጌው ድራይቨር ቅሪት ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ትክክለኛው ድራይቨርና ዲዲዩ (DDU) የተባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም ቀድመው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ይነቀላል፤ አለዚያ ጽዳቱ አልቆ ማሽኑ ሲነሳ ዊንዶውስ አፕዴት የራሱን ድራይቨር ቀድሞ ይጭናል፣ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል። ሺፍትን ይዞ ሪስታርት በማለት፣ በትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ በኩል ሄዶ 4ን መጫን ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጥቂት አስፈላጊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) ያስገባል፤ ዲዲዩ የሚሠራው እዚያ ነው። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ያለበት ማሽን በዚህ መንገድ ላይ የሪከቨሪ ቁልፉን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቁልፉ እጅ ላይ ሳይኖር መጀመር አደገኛ ነው። ጽዳቱ ሲያበቃ በመደበኛው ሁኔታ ተነስቶ ድራይቨሩ ይጫናል፤ ኢንተርኔት የሚመለሰው በመጨረሻ ነው።

መጫኑን ለማረጋገጥ ዲቫይስ ማኔጀር የሚያሳየውን ረጅም ቁጥር አየዋለሁ። 31.0.15.3623 ቢል፣ የመጨረሻዎቹ አምስት አኃዞች 53623 ናቸው፤ ማለትም 536.23። ይህ የሚሠራው ለኤንቪዲያ ነው።

ችግር ሲኖር ዲቫይስ ማኔጀር የስህተት ኮድ ያሳያል። ኮድ 28 ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ ኮድ 52 የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አልተረጋገጠም ማለት ነው። አስቸጋሪው 43 ነው፤ ከድራይቨርም ከካርዱም ሊመጣ ይችላል። ንጹሕ ጭነት ተደርጎም ካልጠፋ ድራይቨር መቀያየሩን ትቶ የኃይል ገመዱንና ስሎቱን ማየት፣ ካርዱንም ሌላ ማሽን ላይ መሞከር ይሻላል።

ሊኑክስ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ሲታደስ ነው። የአዲሱ ከርነል ሄደርስ (ለግንባታው የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ካልተጫኑ፣ ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ የድራይቨሩን ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን ክፍል) መልሶ መገንባት አይችልም። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌርን የሚከለክል ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ያልተፈረመ ሞጁል አይጫንም። እንደ ኡቡንቱ ባሉት ላይ ድራይቨሩ ሲገባ የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ሪስታርት ሲደረግ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ኢንሮል ሞክ» (Enroll MOK፣ የፊርማውን ቁልፍ መመዝገብ) ተመርጦ ያው ቃል ይጻፋል። ገጹ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ ማሽኑ ሲነሳ ከፊቱ አለመራቅ ነው፤ ካመለጠ ምዝገባው እንደገና ከመጀመሪያው መጠየቅ አለበት።