በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ የሳተላይት መረጃን መጠቀም፦ ከፎገራ ሜዳ የተገኘ ልምድ

ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፎገራ ሜዳ የሚገኘውን የአጎቴን የሽንኩርት ማሳ በሳተላይት መረጃ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ልምድ በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ላካፍል እወዳለሁ። የምሠራው በነፃ በሚገኘው ኪውጂአይኤስ በተባለ የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ምስሎቹን የማገኘው በየ5 ቀኑ ከሚያነሡት የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ነው። የሰብሉን ልምላሜ የሚያሳየው ኤንዲቪአይ የተባለ ቁጥር ከ8ኛው ባንድ (ለዓይን ከማይታየው የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ልኬት) 4ኛውን (የቀይ ብርሃን ልኬት) ቀንሶ ለሁለቱ ድምር በማካፈል ይሰላል።

ስሌቱ አያስቸግርም፤ ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የማሳው ጥበት ነው። አንድ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሹ አራት ማዕዘን ነጥብ፣ 10 በ10 ሜትር ስለሚሸፍን ሩብ ሄክታር ማሳ 25 ፒክሰል ያህል ብቻ ይይዛል፤ ከእነዚህም ዳር ዳር ያሉት የጎረቤትን ጓያ፣ የወሰኑን ሣርና የባሕር ዛፉን ጥላ ከሽንኩርቱ ጋር ደባልቀው ያሳያሉ። ስለዚህ ወሰኑን በስልክ ጂፒኤስ ዞሬ ከመዘገብኩ በኋላ በሶፍትዌሩ ላይ 10 ሜትር ወደ ውስጥ አጠበዋለሁ፤ ርቀቱ በሜትር እንዲሰላም ካርታውን አስቀድሜ ቦታን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን እቀይራለሁ። 50 በ50 ሜትር ከሆነ ማሳ የሚተርፈው 9 ፒክሰል ቢሆንም፣ እኔ የማምነው ይህንኑ ነው። ስፋታቸው ከ20 ሜትር ለማይበልጥ ማሳዎች ግን ይህ ዘዴ አያገለግልም፤ በዚያ ጊዜ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ሰሞን የተዘራባቸውን ኩታ ገጠም ማሳዎች አንድ ላይ መያዝ ይሻላል።

ክረምት ላይ ደመናው ምስሉን ይሸፍናል፤ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳም ሰብሉ ደህና ሆኖ ሳለ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል። በበጋ መስኖ ወቅት ግን ምስሉ ጥርት ያለ ነው። በዚሁ ወቅት የማሳው አንድ ጥግ ኤንዲቪአይ በተከታታይ ምስሎች ከሌላው እያነሰ ሲሄድ አይቼ ከአጎቴ ጋር ሄድን። አንድ ሽንኩርት ነቅለው ሥሩን አሳዩኝ፤ የላዩ አፈር እርጥብ ቢመስልም ከጣት ጥልቀት በታች ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «እዚህ ጥግ ውኃ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ነዳጅ ካለቀ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም» አሉኝ። ካርታው የት እንደሆነ አመለከተ እንጂ ምክንያቱን የተናገሩት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ውኃ ማጠጣት የሚጀመረው ከዚያ ጥግ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከሌላው ማሳ ጋር እየተቀራረበ መጥቷል። አሁን ፓምፕ የተነሣበትንና ዩሪያ የተጨመረበትን ቀን ከማሳው ወሰን ጋር በአንድ ሠንጠረዥ እመዘግባለሁ፤ እንዲህ ያለ መዝገብ የያዛችሁ ካላችሁ አሠራራችሁን ብታካፍሉኝ እጅግ ይጠቅመኛል።