እጄ የለመደው ሲስተም

ሁለት ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ የካፖርት ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ላፕቶፕ ነው። እስክገዛው ድረስ ለወራት ስቋምጥ ከርሜ፣ እጄ ሲገባ ግን ዘወር ብዬም አላየሁት። አንድ ቀን አብሮት የመጣውን ዊንዶውስ 10 አጠፋሁና ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ጫንኩበት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያለ እሷ ከቤት አልወጣም። ኪቦርዷ ያው ጠባቡ ነው፣ ባትሪዋም ያው። (“ነው” ስል ቆይቼ “ናት” ማለት መጀመሬ የፊደል ስህተት አይደለም። የወደድኩትን ዕቃ በሴት ነው የምጠራው።)

ዊንዶውሱ አጉድሎብኝ አይደለም። የዕለት ሥራዬ ለዓመታት ሊኑክስ ላይ ስለነበረ እጄ ሌላ አያውቅም። ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ባዳ ሲስተም ቢያጋጥመኝ በመዳፊት እየፈለግሁ እዘልቀዋለሁ፤ ጠባብ ኪቦርድና ትንሽ ስክሪን ላይ ግን እያንዳንዱ ፍለጋ ያደክማል። ቆሜ፣ በአንድ እጄ ይዤ የምሠራበትን ዕቃ እያሰብኩ ልጠቀምበት አልችልም።

ነገሩ ቀደም ብሎም ደርሶብኝ ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ። የመጀመሪያ ፍቅሬ ኤችፒ 200ኤልኤክስ የምትባል የኪስ ኮምፒውተር ነበረች፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ስክሪኗ ቀለም የሌለው። ያገኘኋት ዘመኗ ካለፈ በኋላ፣ ሰው የተገለገለባት ሆና ነው። ግን ኮምፒውተር የተማርኩት ትእዛዝ እየተጻፈለት በሚሠራው የድሮ ሲስተም፣ በዶስ ነበር፣ እሷም ዶስ 5.0ን ሮሟ (የማይጠፋው ሜሞሪዋ) ላይ ይዛለች። ከፍቼ “ዲር” ብዬ ስጽፍ ፋይሎቹ ተዘረዘሩ። መመሪያ ደብተሯን ዛሬም ድረስ አላነበብኩትም።

ከእሷ በኋላ ፖኬት ፒሲ የሚባል የእጅ ኮምፒውተር ያዝኩ። የ“ስታርት” ምልክቱን አናቱ ላይ ሳይ ዊንዶውስ ነው ብዬ ገባሁበት። ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ስጫን ግን ፕሮግራሙ ከፊቴ ዞር ይላል እንጂ አይዘጋም፤ ሜሞሪ ይዞ ከኋላ ይቀመጣል። ዲዛይነሮቹ ሆን ብለው ነው ያደረጉት፣ ተመልሶ ቶሎ እንዲከፈት። እጄ ግን ኤክስ ማለት መዝጋት እንደሆነ ያውቃልና በየቀኑ ይሳሳታል። ጥፋቱ የልማዴ ነው። መልኩ የዘመድ፣ ጠባዩ የባዳ የሆነ ሲስተም ጭራሽ ከማላውቀው ይልቅ አስቸገረኝ።

ጭራሽ የማላውቀውስ? ፓልም የምትባል፣ በብዕር የሚጻፍባት የእጅ ኮምፒውተር ነበረች። ግራፊቲ በሚባለው አጻጻፍ ብዙዎቹን ፊደላት ብዕሩን ሳያነሱ በአንድ ጭረት መሳል ያስፈልጋል፤ የላቲኑ ኤ መሃል መስመሩን ያጣና የጎጆ ጣሪያ ይመስላል። ለሦስት ሳምንት ተናደድኩ። ከዚያ ሳላውቀው ወረቀት ላይም የኤ ፊደልን እንደዚያው መጻፍ ጀመርኩ፣ እሷንም ወደድኳት። እንግዲህ ልማድ የግድ ከድሮ ይዘውት የሚመጡት አይደለም፣ ሊሠራም ይችላል። ግን ሲስተሙ እስኪለመድ ድረስ አንድ ቦታ መቆም አለበት። ፓልም ቆማ ጠበቀችኝ፤ የዛሬው ስልኬ አፕዴት በመጣ ቁጥር ምልክቶቹን ቦታ ያቀያይራል፣ እኔም እስካሁን “ነው” እንዳልኩት አለሁ።

ወደ ትንሿ ላፕቶፕ ልመለስ፤ ማላመዱ እንዲህ በአንድ ቀን አላለቀም። የስክሪኗ ፓነል ለቁም ታብሌት የተሠራ ዓይነት ስለሆነ ሊኑክሱ ሲነሳ ጽሑፉ በጎኑ ተኝቶ መጣ። አንገቴን አጣምሜ እያነበብኩ ጫንኩና ለከርነሉ (ለሲስተሙ እምብርት) ምስሉን የሚያዞር አንድ መስመር ጨመርኩ። ቀጥሎ ፊደሉ ጉንዳን አከለ። 1920 በ1200 ፒክስል በ7 ኢንች ላይ ሲጨመቅ በአንድ ኢንች ወደ 320 ይደርሳል። በእጥፍ ሳሳድገው ደግሞ ለሥራ የሚቀረው 960 በ600 ብቻ ሆነ፣ የአንዳንዱ መስኮት “እሺ” የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ወድቆ ቀረ። የኦልት ቁልፍን ይዞ መስኮቱን ወደ ላይ መጎተት እንደሚቻል እስካውቅ ድረስ በጭፍን ኢንተር እጫን ነበር።

የዴስክቶፑን ጌጥ ሁሉ ለማስገባት መታገሌ ሞኝነት ነበር። በመጨረሻ ተውኩትና ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ብቻ በሙሉ ስክሪን ከፈትኩ። ከትልቁ ላፕቶፕ የማዋቀሪያ ፋይሎቼን ገለበጥኩ፦ አጫጭር ትእዛዞቼን፣ የጽሑፍ ኤዲተሬን ልማዶች። ካፕስ ሎክን እንደ ኮንትሮል እንዲሠራ አደረግሁት። ጠቅላላው ፎልደር ከአንድ ፎቶ ያነሰ ነው። ማስታወሻዎቼንም ግልጽ ጽሑፍ ብቻ አድርጌ መያዝ ቀጠልኩ፤ በ200ኤልኤክሷ ካርድ ላይ የጻፍኳቸው አሁንም ይከፈታሉ፣ በፖኬት ፒሲው የያዝኳቸው ግን የት እንደገቡ አላውቅም።

በቅርቡ የእኔዋ ባትሪ ሲደክም ከጓደኛዬ ሌላ የኪስ ኮምፒውተር ተዋስኩ። ሊኑክስ ነበረበትና ለራሴ አካውንት ከፍቼ ያንኑ ፎልደር ገለበጥኩበት። በወሩ ጓደኛዬ ደውሎ “ዕቃዬስ?” አለኝ። “የቱ ዕቃ?” አልኩት፤ እያወራሁ በሌላው እጄ እየጻፍኩባት ነበር።